ለወፍ የሚሆን ቀላል ረጅም ሌንስ፦ ከሐይቅ እስከ ደንቆሮ ጫካ ይዤው የምዞረው የቱን ነው?

የጦሳ_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ደሴ ነኝ። እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት ማንሳት ነው። ካሜራዬ ካነን 80ዲ፣ ሌንሴ 70-200 ኤፍ 2.8። ለሠርግ ከዚህ በላይ አልመኝም። አሁን ግን የወፍ ነገር ይዞኝ አልለቅህ ብሎኛል። ሐይቅ ወርጄ ያንን ራሱ ነጭ የሆነ ዓሣ አዳኝ ንስር ሳነሳ 200 ሚሊሜትር የትም አያደርሰኝም። ዛፉ አለ፣ ሰማዩ አለ፣ ንስሩ ነጥብ ነው። ቆርጬ ላሰፋው ስል ላባው ይሟሟል።

ሐይቅና አርዲቦ የሚባሉት ሁለቱ ሐይቆች ቅርቤ ናቸው። ጨፋ ረግረግም እወርዳለሁ። መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ ቦረና ሳይንት ፓርክ፣ ደንቆሮ ጫካ መሄድ አስቤያለሁ፤ ጭላዳና የምኒልክ ድኩላ ፍለጋ። እዚያ መኪናው ይቆማል፣ የቀረው በእግር ነው። 70-200ው ራሱ 1.5 ኪሎ ገደማ ነው። ሠርግ ላይ አንጠልጥዬው ስውል ማታ አንገቴ አልዞር ይለኛል። ከሱ የሚከብድ ይዤ ዳገት አልወጣም። ትራይፖድም አልሸከምም።

ብሬ አንድ ሌንስ ትገዛለች፣ ሁለት አትገዛም። አንዱ 150-600 ግዛ ይለኛል፣ አንዱ ሚረርለስ (አዲሱ ዓይነት፣ ቀለል ያለ ካሜራ) ግባ ይለኛል፣ አንዱ ኤክስቴንደር (ሌንሱን የሚያስረዝም ተቀጥላ) ጨምርበት ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አብሽር_ደሴ

አብሽር ወንድሜ። ሙሽሮቹን ግን ከወዲሁ አስጠንቅቅልን። መልሱ ላይ ጭልፊት ካለፈ ካሜራው ወደ ሰማይ ነው ሀሀሀ።

ስለ ሌንስ አላውቅም፤ ለመማር ቁጭ ብያለሁ።

ቦርከና_ዳር

ከሚሴ ነኝ። ጨፋን እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ። የኔ ሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪ ነው። ክብደቱ 1,930 ግራም፤ አልዋሽህም፣ ከባድ ነው። ግን ወፍ ማለት ርቀት ነው። ረግረጉ ውስጥ ገብተህ አትጠጋም፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጥሃል። ዳር ቆመህ መሳብ ነው ያለብህ። 400 ገዝተህ በዓመቱ 600 ከምትመኝ አሁኑኑ ጨክነህ ግዛ።

ትራይፖድ አልፈልግም ላልከው፣ እኔም የለኝም። ከረጢት ውስጥ ሽምብራ ሞልቼ የመኪናው መስኮት ላይ አደርገዋለሁ፣ ሌንሱን እላዩ ላይ አስተኛዋለሁ። መኪና ከሌለ ባጃጅ ተከራይቼ ሞተሩን አስጠፋለሁ። ወፎቹ ከእግረኛ ይሸሻሉ እንጂ ባጃጅ ለምደውታል።

የጦሳ_ልጅ

ቦርከና ወንድሜ፣ ሐሳቡ ለጨፋ ልክ ነው። ባጃጁ ግን ደንቆሮ ጫካ አይወጣልኝም።

መምህር_ወረባቦ

እንዴት ናችሁ ልጆች። ፊዚክስ ስለማስተምር ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ ታገሡኝ።

የሌንስን ክብደት የሚወስነው ርዝመቱ ብቻ አይደለም። ብርሃን የሚያስገባው የፊቱ መስታወት ስፋት ነው ዋናው። የትኩረት ርዝመቱን (400፣ 600 የምንለውን ሚሊሜትር) ለኤፍ ቁጥሩ (ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይገባል) አካፍሉት። 400 በኤፍ 8 ብታካፍሉ 50 ሚሊሜትር። 400 በኤፍ 5.6 ወደ 71። 600 በኤፍ 6.3 ወደ 95። ከ400 ኤፍ 6.3 ወደ 600 ኤፍ 6.3 ሲኬድ ዲያሜትሩ በአንድ ተኩል እጥፍ፣ የመስታወቱ የገጽ ስፋት ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። ውፍረቱም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ቀላልም፣ ረጅምም፣ ብሩህም የሆነ ሌንስ በተራ ዋጋ አይገኝም። ከሦስቱ አንዱን መልቀቅ ግድ ነው። ሦስቱንም የሚያቀራርቡት ኒኮን ፒኤፍ፣ ካነን ደግሞ ዲኦ የሚላቸው ልዩ መስታወት ያላቸው ሌንሶች ናቸው። የነሱ ብሩሆቹ ዋጋ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ጦሳ ልጅ ልምጣ። የ80ዲ ሴንሰር አነስ ያለ ስለሆነ 1.6 ይባዛል። 400 ሌንስ ሲገባበት የሚታየው እይታ የ640 ያህል ነው። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ አንተ ሳታውቀው ግማሹን መንገድ ሄደሃል።

ለ80ዲ የሚገጥሙትን ከቀላሉ ልጀምር። ካነን 55-250 ኤስቲኤም 375 ግራም ብቻ ነው። ለክብደቱ የሚገርም ጥራት አለው፤ ግን 250 ላይ ያበቃል። ካነን 70-300 ሁለተኛው ትውልድ 710 ግራም ነው፤ ፎከሱ ፈጣን ነው። ቀጥሎ ሁለቱ 100-400ዎች ይመጣሉ። የሲግማው 1,160 ግራም፣ የታምሮኑ 1,135 ግራም ገደማ። ሁለቱም 2017 ላይ የወጡ ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ ኤፍ 6.3 ይሆናሉ። ከነሱ በላይ የካነን 100-400 ኤል (ኤል የካነን ከፍተኛ ደረጃ ሌንስ ነው) ሁለተኛው ትውልድ አለ። ምርጥ ሌንስ ነው፤ ግን 1.6 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አንተ ካሰመርከው መስመር ያልፋል።

አንድ አሮጌ ጀግናም አለ። ካነን 400 ኤፍ 5.6 ኤል። 1993 ላይ የወጣ፣ 1,250 ግራም፣ ዙም የለውም። ለሚበር ወፍ ዛሬም ብዙ ሰው ይምልበታል። ጉድለቱ ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው) የለውም፤ ከ3.5 ሜትር በታች ያለን ነገርም አይዝም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ከሁለቱ 100-400ዎች አንዱን እገዛ ነበር። ምክንያቴን በአንድ ሒሳብ ልንገርህ። ወፉ 30 ሜትር ላይ ካለ፣ በ400 ሌንስ ወደ 20 ሜትር ብትጠጋ፣ ቆመህ በ600 ካነሳኸው እኩል ይሆናል። አሥሯን ሜትር ቀስ ብሎ ለመሄድ ደግሞ ቀላል ሌንስ ይሻላል።

አብሽር_ደሴ

መምህር፣ እርስዎ ያኔ አስተምረውኝ ቢሆን ፊዚክስ አልወድቅም ነበር።

ኒኮን_ብቻ

ካነን ካነን ስትሉ ኒኮንን ረሳችሁት። 300 ኤፍ 4 ፒኤፍ፣ 755 ግራም! ከቀድሞው 300 ኤፍ 4 ግማሽ ያህል ነው። 1.4 ኮንቨርተር (ያው ኤክስቴንደር) ጨምረህበት 420 ኤፍ 5.6 ይሆናል፤ በዲኤክስ ቦዲ (ሴንሰሩ አነስ ያለ የኒኮን ካሜራ) የ630 እይታ። በአንድ እጅ ይዘኸው ሻይ ትጠጣለህ። ብር ካለህ 500 ኤፍ 5.6 ፒኤፍ፣ 1,460 ግራም።

ገራዶ_ስቱዲዮ

ኒኮን ወንድሜ፣ ልጁ የካነን ቦዲ ነው ያለው። ሌንሱን ፍለጋ ቦዲ፣ ፍላሽ፣ ባትሪ፣ ሁሉንም ሊቀይር ነው?

ኒኮን_ብቻ

ይቀይራ። ሃይማኖት አልቀይርም አላለ።

ገራዶ_ስቱዲዮ

ሀሀ። ቁም ነገሩን እንቀጥል። ኤክስቴንደር ላልከው፣ በ70-200ው ላይ የካነንን 2 እጥፍ ብታስገባ 400 ኤፍ 5.6 ይሆንልሃል። ክብደቱ ግን 1.8 ኪሎ ያልፋል፣ ፎከሱ ይዘገያል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። ክብደት ሸሽተህ ክብደት መግዛት ነው።

ሚረርለስ ግባ ያሉህ ሰዎች ግን ዝም ብለው አላሉም። ካነን አርኤፍ (ለሚረርለስ የተሠራው) 100-400 ኤፍ 5.6-8፣ 635 ግራም ብቻ ነው። ከአር10 ቦዲ ጋር (429 ግራም ከነባትሪው) አንድ ላይ 1,064 ግራም ይሆናል። ያንተ 80ዲ ከሲግማው 100-400 ጋር 1,890 ግራም ነው። ከ150-600ው ጋር 2,660 ግራም። ልዩነቱን በትከሻህ አስላው። የነዚህ አዳዲስ ቦዲዎች ፎከስ ደግሞ የወፏን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኤፍ 8 ነው። ሐይቅ ዳር ጠዋት ፀሐይ ላይ ይበቃል፤ ደንቆሮ ጫካ ጥላ ውስጥ ግን አይኤስኦ (የሴንሰሩ ብርሃን ማጉያ) 6400 ስትደርስ ታየዋለህ። ሁለተኛ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሸወድ አስምርበት፦ የአርኤፍ ሌንስ 80ዲ ላይ አይገጥምም። ምንም አዳፕተር የለውም። የሚረርለስ ሌንስ ከሴንሰሩ 20 ሚሊሜትር ላይ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው፤ የድሮው 44 ላይ። ወደ ኋላ የሚያስገባው ቦታ የለም። በተቃራኒው ግን ይሆናል፤ የኢኤፍ (እንደ 80ዲ ላሉት የተሠራው) ሌንስ በአዳፕተር አር10 ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ስለዚህ ዛሬ የኢኤፍ ሌንስ ብትገዛ ነገ ቦዲ ስትቀይር አብሮህ ይሻገራል።

የላስታዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ላሊበላ ነኝ፣ እንግዳ ይዤ አቡነ ዮሴፍ ላይ እወጣለሁ። ካሜራ የለኝም፤ የሌሎችን ሌንስ ግን ብዙ ተሸክሜያለሁ። የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ኪሎው ይበዛል። ትልቁን ሌንስ ይዞ የሚመጣ ሰው ጠዋት በትከሻው ያነግተዋል። ረፋድ ላይ ለበቅሎ ጫኙ ይሰጠዋል። ከዚያ ቀይ ቀበሮው ከጉብታው ሥር ብቅ ይላል፤ ሌንሱ በቅሎ ላይ ነው፣ በቅሎዋ ከኋላ ናት። ሰውየው በሹክሹክታ ይጣራል፣ ጫኙ ይሮጣል፣ ቀበሮው ሁለቱንም አይቶ ይሄዳል። በአንገቱ ያንጠለጠላት ትንሽ ሌንስ ያለው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ያነሳል።

ቀይ ቀበሮ ቀን ነው የሚያድነው፤ ብቻውን እየዞረ አይጥ ይፈልጋል። ከሮጥክበት ይርቅሃል። ቁጭ ብለህ ዝም ካልክ ሥራውን ይቀጥላል፤ አንዳንዴ ራሱ ወዳንተ ይመጣል። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም ስለሚባል እባካችሁ አታሳድዱት፣ ምግብም አትጣሉለት።

ጭላዳ ደግሞ ሌላ ነው። ሣሩን እየነጨ አጠገብህ ድረስ ይመጣል። 600 ብቻ የያዘ ሰው ፊቱን እንጂ መንጋውን አያገኝም። ስለዚህ ከ100 የሚጀምር ዙም ጥሩ ነው፤ አንዴ መንጋውን ከነገደሉ፣ አንዴ የወንዱን ደረት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ሌንስ ስታወሩ ይህን የሚያነሳ አላየሁም። አገሩ ጦርነት ያየ አገር ነው። ባለ ካኪ ሽፋን ረጅም ነገር ትከሻው ላይ አድርጎ ጢሻ ለጢሻ የሚሽሎከለክ ሰው ከሩቅ ሲታይ ያስደነግጣል። መጀመሪያ ቀበሌ አሳውቁ። እረኛውን ሰላም በሉት፣ ያነሳችሁትን ወፍ በካሜራው አሳዩት። ከዚያ ወፉ የት እንደሚያድር እሱ ነው የሚነግራችሁ። ትንሽ ሌንስ ሰውንም አያስፈራ።

የጦሳ_ልጅ

የላስታዋ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የበቅሎዋን ነገር ሳነብ ራሴን አየሁት።

ቦርከና_ዳር

እኔ አሁንም 600ን አልለቅም። የላስታዋ ያለችው ለደጋ ነው፤ ጭላዳ ይቀርባል፣ እሺ። ጨፋ ላይ ግን ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎች መሀል ውሃ ላይ ነው የሚያርፉት። በ400 ምን ልታደርጋቸው ነው?

መምህር_ወረባቦ

ቦርከና ልጄ፣ ጥያቄ ልጠይቅህ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ በ600 የምታነሳቸው ዳክዬዎች ጥርት ይላሉ?

ቦርከና_ዳር

አይሉም መምህር። መሬቱ ሲግል አየሩ ይንቀለቀላል፤ ወፏ ውሃ ውስጥ ያለች ነው የምትመስለው።

መምህር_ወረባቦ

እሱ ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ሲደባለቅ ብርሃኑን ያጣምመዋል። ሌንሱ ሲረዝም ወፏን እንደሚያጎላት መንቀልቀሉንም እኩል ያጎላዋል። በሚሊዮን ብር የተገዛ ሌንስም አያድንህም። መፍትሔው ጎህ ሲቀድ መድረስና በመሀል ያለውን አየር ማሳጠር ነው። ከ80 ሜትር በ600 ከማንሳት ከ25 ሜትር በ400 ማንሳት ይሻላል።

በነገራችን ላይ ከደሴ ብርድ ሌሊት ተነሥታችሁ ቆላ ስትወርዱ ካሜራውን ቶሎ ከቦርሳ አታውጡ። መስታወቱ ላይ ጤዛ ይይዛል። በጨርቅ መጥረግ አያስፈልግም፤ ቦርሳው እንደተዘጋ ትንሽ ይሙቅ።

ቦርከና_ዳር

መንቀልቀሉን እቀበላለሁ። ጎህ ሲቀድ ከሆነ ግን ከባጃጅ በ600 የሚያህል የለም። በዚህ አንስማማም፣ ይቅር።

ሐይቅ_ዳር

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ስለ ሐይቅ ልናገር።

ጀልባ ላይ ትራይፖድ ዋጋ የለውም፤ ጀልባው ራሱ ይወዛወዛል። በእጅ ይዘህ ነው የምታነሳው፤ ስለዚህ ቀላል ሌንስ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። ስታቢላይዘርን ግን አታምልኩት። የእጅህን መንቀጥቀጥ ያረጋጋል እንጂ የወፏን ክንፍ አያቆምም። ለሚበር ወፍ ሸተርህን 1/2000 ሰከንድ አድርግ፣ አይኤስኦውን አውቶ ላይ ተወው።

ልምምድ ከፈለግህ ያቺን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ወፍ ፈልጋት። ከውሃው በላይ አየር ላይ ባለችበት ትቆማለች። ክንፏ ይርገበገባል፣ ራሷ ግን ንቅንቅ አይልም። ምንቃሯ ቁልቁል፣ ዓይኗ ውሃው ላይ። ፎከስ ለመያዝ ጊዜ የምትሰጥህ ወፍ እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ታጥፋ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች፤ ያኔ ጣትህ ቁልፉ ላይ ካልሆነ አለቀ። ንስሩን ከማሳደድህ በፊት በሷ እጅህን ፍታ።

ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ስትሄድ አባቶችን አስፈቅድ። ዛፎቹ ላይ ወፍ ሞልቷል፤ ግን ጸሎት ላይ ባለ ሰው በኩል ሌንስ አይደገንም። ሴት እህቶቻችን ደግሞ ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማይገቡ አውቃችሁ ፕሮግራም አውጡ።

የጦሳ_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሳቤ ወደ 100-400 አጋድሏል። ሚረርለሱን ትቼዋለሁ፤ ቦዲና ሌንስ አንድ ላይ አልችልም። አሁን የተገኙልኝ ሁለት ያገለገሉ ሌንሶች ናቸው፤ አንዱ ሲግማ 100-400 ኮምቦልቻ፣ ሌላው ያ 400 ኤፍ 5.6 ኤል አዲስ አበባ። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። የኤሉ ስም ይስበኛል፣ እውነቱን ለመናገር። መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

መምህር_ወረባቦ

ስሙን ተወው። ንስር ብቻ የምታነሳ ቢሆን ኤሉን ውሰድ እልህ ነበር። አንተ ግን ጫካም ትገባለህ። ደንቆሮ ጫካ ውስጥ ድኩላ ጥላ ሥር ቆሞ ብታገኘው ሸተርህ 1/125 ላይ ይወርዳል። በ400 ያለ ስታቢላይዘር፣ ያለ ትራይፖድ፣ ዳገት ወጥተህ እያለከለክህ? አይሆንም። ኤሉ ዙምም የለውም፤ የላስታዋ ስለ ጭላዳ ያለችውን አስታውስ።

ገራዶ_ስቱዲዮ

ከመምህር ጋር ነኝ። ኮምቦልቻ ቅርብህ ነው፣ ሄደህ በዓይንህ እየው። ቦዲህን ይዘህ ሂድ፤ በስልክ ፎቶ አትግዛ።

የስልክህን ባትሪ አብርተህ ከኋላ በኩል መስታወቱን እየው። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ በነጻም ቢሰጡህ እንቢ በል። ጥቂት አቧራ አያስፈራም። ከዚያ ዙሙን አዙረው፤ አሸዋ እንዳለበት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ወድቋል ወይም አቧራ ጠጥቷል። 400 ላይ አድርገህ፣ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍተህ፣ ጽሑፍ ያለበት ታፔላ አንሳ። የግራውና የቀኙ ጠርዝ እኩል መጥራት አለባቸው። አንዱ ወገን ብቻ ከደበዘዘ መስታወቱ ከቦታው ተነቃንቋል። ስታቢላይዘሩን አብራና አጥፋ፤ በቪውፋይንደሩ ስታይ ምስሉ ሲረጋ መታወቅ አለበት።

ሲግማው ላይ አንድ ጉድለት ልንገርህ፤ የትራይፖድ ማሰሪያ እግር የለውም። አንተ ትራይፖድ ስለማትፈልግ ግድ የለህም። ዝናብ ላይም ሙሉ መከላከያ የለውም፤ ላስቲኩ መግጠሚያው ላይ ብቻ ነው። ፌስታል ከቦርሳህ አይጥፋ። የፊት ፊልተር ካለው ደግሞ አውልቀህ አንሳ፤ ርካሽ ፊልተር ረጅም ሌንስ ላይ ጥራት ይበላል። ሁዱ (ፊቱ ላይ የሚገጠመው ጥላ) ይበቃሃል።

የጦሳ_ልጅ

ሐሙስ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ታፔላ የበዛበት መንገድ አላጣም።

ቦርከና_ዳር

ከገዛህ እሑድ ጨፋ ና። የኔን 600 ቦዲህ ላይ እንገጥመዋለን፣ ያንተን 400ም እናየዋለን፤ አንድ ወፍ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት። ውጤቱን እዚሁ እንለጥፈዋለን፣ መምህርም ይፍረዱ። ከደሴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ካልተነሣህ ግን አትምጣ፤ ፀሐይዋ ቀድማህ ጨፋ ትደርሳለች።

መምህር_ወረባቦ

ፋይሎቹን ሳትቆርጡ፣ ሳታሳምሩ ለጥፉ። ሸተሩንና አይኤስኦውንም ጻፉልኝ።

የጦሳ_ልጅ

እሺ መምህር። ቦርከና፣ ሽምብራው ካንተ ነው ወይስ ይዤ ልምጣ?

ቦርከና_ዳር

ሽምብራው አለ። ባዶ ከረጢት ይዘህ ና፤ የኔ ተቀዷል።